የ«ውኃ ፈላጊዋ» ዋጋ

ሃያ አምስት ዶላር የሚለውን ቁጥር ሶሬቲ መጀመሪያ የሰማችው ሲግናል ሰፈር፣ በምትሠራበት ባነርና ማኅተም ቤት ውስጥ ነው። በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታለች፤ በሌላው ደግሞ የእድር ማኅተም ሊያሠሩ የመጡ አንድ ሽማግሌ «ክቡ ውስጥ ያለው ጽሑፍ በደንብ ይነበባል ወይ ልጄ?» እያሉ ይጠይቋታል። በማዳመጫው ውስጥ ኢንግሪድ የምትባል፣ ባሕር ማዶ ያለ የጌም አሳታሚ ድርጅት ሠራተኛ፣ በረጋ እንግሊዝኛ ቁጥሩን ደገመችው። ሃያ አምስት።

ወዲያው ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ከነአምን ነው። እሱም ኮተቤ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ሆኖ በስልክ በዚያው ስብሰባ ላይ ነበር።

«ብር ነው በዪኝ» ይላል መልእክቱ።

ሶሬቲን ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌው በሳቸው የሳቀች መስሏቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ውኃ ፈላጊዋ» የተባለውን ጌም የሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ነአምን የሒሳብ መምህር ነው፤ ኮዱን ጻፈ። ሶሬቲ ሥዕሉን ሣለች። የተዋወቁት ጌም መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች በተሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ሌላው ሲያወራ እነሱ ሠሩ። አራት ዓመት ፈጀባቸው፤ በዚያ መሀል ነአምን አገባ፣ ወለደ፣ ከሲግናል ኪራይ ቤት አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባ። ሶሬቲ ባለችበት ነበረች።

የጌሙ ታሪክ ቀላል ነው። ሎሚ የምትባል ልጅ የሰፈሯ ውኃ ይደርቅና እንስራዋን አዝላ ጋራ ትወጣለች። ጋራው ላይ ሰባት ምንጮች አሉ፤ ሰባቱንም ካላገኘች ሰፈሩ ይፈርሳል። ተጫዋቹ ሎሚን ከካሬ ወደ ካሬ ያንቀሳቅሳታል። ባሕር ዛፉ መሀል ጅብ ወይም ሽፍታ ሲገጥማት በተራ በተራ ይጋጠማሉ፤ እሷ ትመታለች፣ ቆማ ትጠብቃለች፣ እሱ ይመታል። መንገድ ላይ ሰው ታነጋግራለች፣ ዕቃ ትለዋወጣለች፣ ቀስ በቀስ ትጠነክራለች። መልኩ ከሠላሳ ዓመት በፊት የውጭ አገር ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው ይጫወቷቸው እንደነበሩት ጌሞች ነው፤ ሥዕሉ ከትናንሽ ካሬዎች የተገጣጠመ፣ ቀለሙም አሥራ ስድስት ብቻ።

ውጭ ያለው ሰው ይህን «ሬትሮ» ይለዋል፤ ልጅነቱን ይናፍቅበታል። ሶሬቲ ግን በልጅነቷ እንዲህ ያለ ጌም በዓይኗ አይታ አታውቅም። አሥራ ስድስት ቀለም የመረጠችው ሥዕሉን የምትሠራው በምሳ ሰዓት፣ በባነር ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ነው። ከዚያ ከበዛ ኮምፒውተሩ ይደርቅባታል። «እኛ ቸግሮን ያደረግነውን እነሱ ናፍቀውት ይገዙታል» ይል ነበር ነአምን፣ ነገሩ ገና እያሳቀው ሳለ።

ምንጮቹን የሰጧቸው የሶሬቲ አባት ኢቲቻ ናቸው። ካራ ተወልደው ካራ ያረጁ፣ በጉልምስናቸው ጉድጓድ በመቆፈር የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ውኃ የት እንዳለ ሣሩን አይተው ይናገራሉ ይባል ነበር። እርሻቸው ላይ ሕንፃ ከተሠራ ወዲህ አያት በሚገኝ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ በጥበቃነት ተቀጥረዋል። አንድ እሑድ ልጃቸውንና ነአምንን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወዳለው ጋራ ይዘዋቸው ወጡና በዱላቸው እየጠቆሙ ምንጮቹን አንድ ባንድ አሳዩዋቸው። ቡርቃ ዲማ፣ ቀዩ ምንጭ፤ ከቀይ አፈር ስለሚወጣ። ቡርቃ ቀመሌ፤ ጦጣ ስለሚጠጣው። ቡርቃ ጀቢ፤ ጥልቀት ስለሌለው ጥጃ ብቻ ስለሚጠጣበት። ሁለቱ አሁንም ይፈልቃሉ። ሌሎቹን ሲያሳዩ ዱላቸው የሚያርፈው አንዴ አጥር ላይ፣ አንዴ የሰው ሳሎን መስኮት ላይ ነበር። ሶሬቲ ሁሉንም ሣለቻቸው፤ ስማቸውንም እንዳለ ተወችው።

ጌሙ በስልክ ሲወጣ አሥራ አንድ ሺህ ሰው አወረደው። በነፃ ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ምንጮች ማየት የፈለገ ሃምሳ ብር ይልካል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚጫወት ነበር፤ ተረኛ ሆና የምታድር ነርስ ነበረች። ከሁሉም የሚገርሙት ግን መምህርት አሳየች የሚባሉ፣ ኮተቤ የሚኖሩ የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተዋል። በየሳምንቱ ሶሬቲ ጋ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ሦስተኛው ምንጭ ጋ ያለው ሽማግሌ 'ኅብረት' ሲል በሀሌታው 'ሀ' ጽፋችሁታል፤ በብዙኃኑ 'ኀ' ነው» ይሏታል። ነአምን ያስተካክላል። በሳምንቱ ሌላ ያገኛሉ። በኋላ በኋላ ሶሬቲ የሳቸው ስልክ ካልመጣ ሳምንቱ ያለቀ አይመስላትም ነበር።

አሳታሚው ድርጅት የጻፈላቸው ይኼኔ ነው። ጌሙን በኮምፒውተር እንዲሠራ አድርገን እንድናወጣው ፍቀዱልን፤ ወጪው የኛ፣ ከትርፉ ትካፈላላችሁ የሚል ነበር። የነአምን ሚስት ያን ሳምንት ታማ ሆስፒታል ነበረች፤ ገንዘብ ቸግሮታል። ውሉን እንዲያይላቸው የሰጡት ይድነቃቸው የሚባል ጠበቃ፣ የነአምን ተማሪ አባት፣ «አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ በደንብ ልየው» ብሎ ነበር። እነሱ አንድ ሳምንት አልነበራቸውም፤ ወይም እንደሌላቸው መሰላቸው። ፈረሙ።

እንግዲህ ዋጋው ላይ የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

«እኛ አምስት ዶላር ነው ያሰብነው» አለ ነአምን ጉሮሮውን ጠርጎ።

ኢንግሪድ ክፉ ሰው አልነበረችም። ስታስረዳ እንደ መምህር ነው። «ገዢው ጌሙን ገና አልተጫወተውም» አለች። «የሚያየው ሥዕሉንና ዋጋውን ብቻ ነው። አምስት ካልነው የስልክ ጌም ነው ብሎ ያልፈዋል። ሃያ አምስት ካልነው ቆም ይላል። ባይገዛ እንኳ የምኞት ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል። በዓል ሲመጣ እንቀንሳለን፤ ያን ጊዜ ይገዛዋል።»

«ታዲያ ሃያ አምስቱ የሚከፈል ዋጋ አይደለማ?» አለች ሶሬቲ።

«የሚቀነስ ዋጋ ነው» አለች ኢንግሪድ ሳታፍር።

ይህንን ሶሬቲ ታውቀዋለች። መርካቶ ጫማ ሻጩም ሊወርድበት ከፍ አድርጎ ይጠራል። ግን መርካቶ ቢያንስ ሻጩ ፊትሽን ያያል፤ «ግድየለም፣ ስንት አለሽ?» ይላል።

«ለኢትዮጵያስ?» ብላ ጠየቀች።

ኢንግሪድ ሰንጠረዧን ተመለከተች። ሱቁ በብር አይሸጥም። ኢትዮጵያ «ሌሎች አገሮች» በሚለው ረድፍ ውስጥ ናት፤ ለሌሎች አገሮች ዋጋው ያው ነው። ሶሬቲ በልቧ አሰላችው። ወደ አራት ሺህ ብር፣ የወር ደሞዟ ግማሽ፤ ያውም ዶላር የሚከፍል ካርድ ላለው ሰው።

«አንድ ነገር ደግሞ» አለች ኢንግሪድ። «የስልኩን ቅጂ ከሱቅ ማንሣት ይኖርብናል። በነፃ የሚገኝን ነገር ማንም ሃያ አምስት ዶላር አይገዛውም።»

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። «ይነበባል ወይ?» አሏት እንደገና።

«ይነበባል አባባ» አለቻቸው።

የስልኩ ቅጂ በዚያው ወር ከሱቅ ተነሣ። ስልካቸው ላይ የነበራቸው ሰዎች መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ አዲስ ሰው ግን ሊያገኘው አይችልም። መምህርት አሳየች ለሦስት ሳምንት ሳይደውሉ ቆዩና በአራተኛው ድምፃቸው መጣ።

«ልጄ፣ ስልኬን መገናኛ ታክሲ ውስጥ ወሰዱብኝ። ሌላ ገዛሁ። ጌማችሁን ብፈልግ ብፈልግ የለም። ስሙን ቀየራችሁት እንዴ?»

ሶሬቲ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሰሟትና «እና አሁን ኮምፒውተር ልግዛ?» አሉ፤ እየቀለዱ ይሁን የምራቸውን አልታወቃትም።

የድሮውን ፋይል በቴሌግራም ላከችላቸው። አዲሱ ስልክ አልቀበልም አለ፤ ለአሮጌ ስልክ የተሠራ ነው የሚል ጽሑፍ ብቻ ያሳያል። ነአምን ጋ ደወለች።

«ላድሰው እችላለሁ» አለ ነአምን። «የአንድ ቀን ሥራ ነው። ግን አዲስ ቅጂ አውጥቼ ለሰው ሰጠሁ ማለት ውሉን አፈረስኩ ማለት ነው። ቅጣቱን አንብበሽዋል።»

«ለአንድ ሰው እኮ ነው። ለመምህርት አሳየች።»

«አውቃለሁ።»

 ከነአምን በኩል ሕፃኑ ያለቅሳል። ሶሬቲ ትንሽ ብትገፋው እንደሚያደርገው ታውቅ ነበር። አልገፋችውም። በኋላ ራሷን ስትወቅስ የምታነሣው ይህችኑ ስልክ ነው።

ጌሙ በኮምፒውተር የወጣው አንድ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሶሬቲ አስፈቅዳ ቀደም ብላ ወጣችና አያት ነአምን ቤት ሄደች። የነአምን ሚስት ዳቦ ቆረሰች፤ ላፕቶፑን ወንበር ላይ አድርገው ሦስቱም ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ሲሞላ ገጹ ተከፈተ። የሎሚ ሥዕል ከነእንስራዋ ትልቅ ሆኖ ወጣ፤ ሥሩ ሃያ አምስት። ነአምን አንዴ ብድግ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው አስተያየት ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። «ውብ ነው። ግን የስልክ ጌም ነው። ሃያ አምስት ዶላር? በቅናሽ እንገናኝ።» ሁለተኛው፣ «ሙዚቃው ልብ ይነካል፤ ዋጋው ኪስ።» ሦስተኛው ሰው አልገዛም፤ የጻፈው ለሌሎች ምክር ነው፤ «ጠብቁ፣ ይወርዳል።» አመሻሹ ላይ እንዲህ የሚሉት በዙ። የሚያበሳጨው ደግሞ ማንም ጌሙን አለመጥላቱ ነው። ሁሉም ወደዱት። ሁሉም ሊጠብቁ ተስማሙ።

«ልክ ናቸው እኮ» አለ ነአምን። «እኔ ብሆን እገዛዋለሁ?»

«እንኳን ልትገዛው፣ ካርዱስ አለህ?» አለች ሚስቱ።

ቀጥሎ አንድ አስተያየት በአማርኛ መጣ። ሶሬቲ ከሁሉ በፊት ያየችው እሷ ናት፤ በእንግሊዝኛው መሀል ፊደሉ ዓይኗን ያዘው። ጸሐዬ የሚባል፣ ሰሚት የሚኖር ሰው ነው። «እንኳን ደስ ያላችሁ። በስልክ ጨርሼው ነበር፤ ለእናንተ ብዬ የወንድሜን ካርድ ለምኜ ገዛሁት። አማርኛውን ስመርጥ ግን ይህ ነው የሚመጣልኝ።» ከሥሩ ፎቶ አያይዟል።

ፎቶው ላይ ሎሚ መንደሯ መሀል ቆማለች። ፊት ለፊቷ ሽማግሌው አለ። ሽማግሌው የሚናገርበት ነጭ ቦታ ውስጥ ግን ፊደል የለም፤ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ተደርድረዋል። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ አራት ነጥብ የነበረበትም ሳጥን።

ነአምን አንዴ አይቶ ገባው። ጌሙን ለኮምፒውተር ያዘጋጁት ሰዎች የራሳቸውን የፊደል ቅርጽ ተጠቅመዋል፤ ያ ቅርጽ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም። ከእንግሊዝኛው ሌላ የሞከረው ሰው አልነበረም ማለት ነው። «ይሄ ምንም አይደለም» አለ፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ፊቱ በራ። «ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፋይሉን እኔው እልክላቸዋለሁ።»

በማግስቱ ላከው። የት እንደሚገባ፣ የትኛው መስመር እንደሚቀየር ጽፎ፣ በሥዕል አስደግፎ። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ። ሳምንት ጠብቆ ጠየቀ። ኢንግሪድ ራሷ መለሰች፤ ጌሙን ለኮምፒውተር ያዘጋጀው ሌላ ቡድን ነው፣ የነሱ ውል አልቋል፣ መልሶ ለመቅጠር ደግሞ ሽያጩ መፍቀድ አለበት። «ሽያጩ ከፍ ካለ መጀመሪያ የምናስተካክለው እሱን ነው» ብላ ጻፈች። ሽያጩ ከፍ አላለም። ሰው ቅናሽ እየጠበቀ ነበር።

«እኔ በነፃ ልሥራው» ብሎ ጻፈ ነአምን። ለውጭ ሰው ኮዱን መክፈት አይፈቀድም አሉት። ነአምን ያን ደብዳቤ ለሶሬቲ በስልክ ሲያነብላት፣ «ለውጭ ሰው» የሚለው ጋ ሲደርስ ሁለቴ አነበበው።

በሁለተኛው ወር ማሻሻያ ወጣ። ሶሬቲ ባነር ቤት ሆና ዝርዝሩን ወደ ታች ተከተለችው። ድምፅ ተስተካክሏል። ፍጥነት ጨምሯል። የመጨረሻው መስመር «ያልተሟሉ የቋንቋ አማራጮች ተወግደዋል» ይላል።

ያልተሟላው አንድ ብቻ ነበር። በአማርኛ ተጽፎ፣ በአማርኛ ታርሞ፣ ኋላ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው ጌም ከእንግዲህ በአማርኛ የለም። የስልኩ ከሱቅ ተነሥቷል፤ የኮምፒውተሩ ተወግዷል። መምህርት አሳየች ያረሟት እያንዳንዷ 'ኀ' የትም የለችም።

ሶሬቲ ለባነር ቤቱ ባለቤት አመመኝ ብላ ወጣችና በእግሯ መገናኛ ድረስ ሄደች። የጠበቃ ይድነቃቸው ቢሮ ከአደባባዩ ፈቅ ብሎ ሕንፃ ላይ ነው። አልጠበቃትም፤ ግን አስገባት፣ ወንበር ሰጣት። ውሉን ከኮምፒውተሩ ፈልጎ አወጣና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበላት። ሶሬቲ የዛሬ ስምንት ወር እንዲህ እንዲያነብላቸው ነበር የሚገባው ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ ሊያነብላቸው የለመናቸው እሱ እንደነበር ትዝ አላት።

«ይኸውልሽ» አለ። «'ምርቱን ለገበያ በሚመች መልክ የማስተካከል መብት።' ዋጋውም፣ ቋንቋውም፣ ስሙም እዚህ ውስጥ ይገባል።»

«ስሙም?»

«ስሙም።»

«ብንከሳቸውስ አቶ ይድነቃቸው?»

«የት አገር ነው የምንከሰው?» አለ ቀስ ብሎ። «ፍርድ ቤቱ የነሱ ከተማ ነው ይላል። ሄደሽ ለመክሰስ የቪዛ ቀጠሮው ብቻ…» አልጨረሰውም። ውሉን ዘጋ። «ስንት ዓመት ነው የሚቆየው አትዪኝም?»

«ስንት ነው?»

«አሥር።»

ክፍያ አልተቀበላትም። ደረጃው ድረስ ሸኛት፤ እጇን ሲጨብጣት የለቅሶ ቤት ሰው አጨባበጥ ነበር።

ቅናሹ የመጣው የፈረንጆች በዓል ሲደርስ ነው። «ውኃ ፈላጊዋ» ከሌሎች አራት ጌሞች ጋር በአንድ ጥቅል ታስሮ ሦስት ዶላር ገባ። ኢንግሪድ ያለችው ሁሉ ሆነ። ያ ሁሉ ሲጠብቅ የከረመ ሰው በአንድ ሳምንት ጎረፈ። ጌሙ በአራት ወር ካገኘው ገዢ በአንድ ቀን ያገኘው በለጠ። አስተያየቱም ተለወጠ። «በሦስት ዶላር ይህን የማይገዛ እብድ ነው» ይላል አንዱ። «ሃያ አምስትም ይገባው ነበር» ይላል ሌላው፤ በሃያ አምስት ያልገዛው። ሰዎች ሎሚን ወደዷት። አንድ ሰው በክር ሠርቷት ፎቶዋን ለጠፈ። አንዲት ሴት ሰባተኛው ምንጭ ጋ ስትደርስ እንዳለቀሰች ጻፈች።

ነአምን ጋ የሩብ ዓመቱ የሒሳብ ወረቀት መጣ፤ የዝግጅት ወጪው ገና ስላልተመለሰ ለአሁኑ የሚካፈል ነገር የለም ይላል። አንድ ጊዜ አነበበውና ወደ ፈተና እርማቱ ተመለሰ። ሶሬቲ ስትደውልለት «ሰው ወደደው እኮ» አላት። ደስ ብሎት ነበር። የሚያሳዝነውም እሱ ነው፤ የምሩን ደስ ብሎት ነበር።

ከነዚያ ቀናት ባንዱ ሶሬቲ ለአባቷ ምሳ ይዛ አያት ሄደች። ኢቲቻ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ምሳቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀችና ስልኳን አወጣች። አንድ ጢማም የውጭ አገር ወጣት ጌሙን እየተጫወተ የቀረጸውን ቪዲዮ ከፈተችላቸው፤ ግማሽ ሚሊዮን ሰው አይቶታል። ወጣቱ ሎሚን እየነዳ ጋራውን ይወጣል፤ ይጮኻል፤ ይስቃል።

«ማል ጄዳ?» አሉ ኢቲቻ፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው።

«ቆንጆ ነው ይላል፣ አባ። እንዲህ ያለ ቦታ በሕልሜም አላየሁ ይላል።»

«በሕልሙ ለምን ያየዋል? እዚሁ ከበላያችን አይደል?» ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይሄ ጀቢ ነው። ጠፍጣፋዋን ድንጋይ ሣልሻት። ምን ብሎ ነው የሚጠራው?»

ሶሬቲ አመነታች። እንግሊዝኛው ላይ ስሙ ተቀይሯል። «የጠፋው ጥጃ ምንጭ ብለውታል።»

«ማነው የጠፋው?»

«ጥጃው።»

«ጥጃ አልጠፋም» አሉ ኢቲቻ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ስህተት እንደሚያርም ሰው ነው። «ጥጃ ስለሚጠጣበት ነው። ማን ጠፋ አላቸው? ጻፊላቸው እንጂ ኢንታላኮ፣ ልጄ።»

«ጽፌላቸው ነበር።»

«እና?»

«ደርሶናል አሉ።»

«ደረሳቸው እንግዲህ» አሉ አባቷ፤ በቂ መስሏቸው። ከዚያ ፊቷን አዩ።  አንድ መኪና ከውጭ ጥሩምባ ነፋና በሩን ሊከፍቱ ተነሡ፤ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው። ባለመኪናው በሩን ከፍተው ፈቀቅ እስኪሉ አልጠበቀም፤ እየነዳ በመስኮቱ አንድ ነገር ብሏቸው አለፈ። ተመልሰው ሲቀመጡ ቪዲዮው አልቆ ሌላ፣ የማያውቁት ነገር ጀምሯል።

ቅናሹ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ነአምን አንድ ሐሳብ መጣለት። አሁን ሽያጩ ከፍ ብሏል። ኢንግሪድ ሽያጩ ከፍ ካለ መጀመሪያ አማርኛውን እናስተካክላለን ብላ ጽፋለች፤ ደብዳቤው እጁ ላይ ነው። ቅዳሜ ሶሬቲን ጠራትና አብረው ለኢንግሪድ ጻፉላት። አልተማረሩም፤ አልወቀሱም። በትሕትና፣ የሷን ቃል ጠቅሰው፣ ፋይሉን እንደገና አያይዘው ጻፉ። ነአምን ከመላኩ በፊት ሦስት ጊዜ አነበበው።

መልሱ ደቂቃም አልፈጀ። ማሽን የላከው ነው፤ ኢንግሪድ ከድርጅቱ ለቃለች፣ ይህ አድራሻ አይነበብም፣ ለአጠቃላይ ጥያቄ ድረ ገጹን ይጎብኙ።

«ለቀቀች?» አለች ሶሬቲ።

«ለቃለች።»

ድረ ገጹ ላይ ቅጽ አለ። የጥያቄውን ዓይነት ከዝርዝር ምረጥ ይላል፤ ገንዘብ ይመለስልኝ፣ ጌሙ አልከፍት አለኝ፣ ሌላ። ነአምን «ሌላ» የሚለውን መርጦ ደብዳቤውን ገለበጠበት። ቅጹ ከመቶ ፊደል በላይ አይቀበልም። መቁረጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሰላምታውን ቆረጠ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ማንነት፣ ቀጥሎ የኢንግሪድን ቃል። በመጨረሻ የቀረው «እባካችሁ አማርኛውን መልሱልን» የሚል ብቻ ነበር። ላከው። ቁጥር ሰጡት፤ ረጅም ቁጥር ነው። ሶሬቲ ወረቀት ላይ ጻፈችው፣ ለምን እንደምትጽፈው ባታውቅም።

ሲሸኛት ደረጃው ላይ፣ «ሌላ እንጀምር ይሆን?» አላት። «አዲስ። ትንሽ ነገር። ለስልክ ብቻ።»

ሶሬቲ እሺ ልትለው አፏን ከፈተች። አራቱ ዓመት፣ የምሳ ሰዓቶቹ፣ ያ የሚደርቅ ኮምፒውተር ፊቷ መጣባት። «እስቲ እናያለን» አለችው። ነአምን የቃሉን ትርጉም እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

መምህርት አሳየች የድሮው ፋይል አልሠራ ካላቸው ወዲህ አልደወሉም። ሶሬቲ እሑድ ከሰዓት ስማቸውን ስልኳ ላይ አወጣችው። ምን እንደምትላቸው ታስብ ጀመር። ቢጠይቋት የምትሰጣቸው መልስ «የለም» የሚል ብቻ ነው፤ እሱን ቀድመው ያውቁታል። ሳትደውል መሸ።

ሰኞ ጠዋት ባነር ቤቱን ከፈተች፤ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ የጌሙን ገጽ በስልኳ አየችው። ቅናሹ አልቋል። ሃያ አምስት ዶላር ተመልሶ ገብቷል። ከሥሩ ካለፉት ሰዓታት አንድ አዲስ አስተያየት አለ፤ «ትናንት ልገዛው ብዬ ረሳሁት። ግድ የለም፣ ለሚቀጥለው ቅናሽ።» አስተያየት መስጠት የሚችለው የገዛ ወይም በምኞት ዝርዝሩ ያስቀመጠ ሰው ነው፤ ለአስተያየት መልስ መጻፍ የሚችለው ደግሞ ድርጅቱ ብቻ። ሶሬቲ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሩ ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ሰዎች ግቡ አለቻቸው።